ባዶውን የተመለሰው ጣሳ

ጣሳው ባዶውን መጣ።

አመለሸጋ መጀመሪያ ዐይኗን አላመነችም። ክዳኑን ከፈተች፣ እጇን ሰድዳ ውስጡን ዳበሰች፣ ገልብጣም ነቀነቀችው። ምንም የለም። ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ሰማያዊ ክዳኑ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል እያብረቀረቀ፣ ባዶውን መጣ።

«ምነው አመሌ፣ እባብ አለበት እንዴ?» አሏት ጋሽ ተሬፋ ከአውቶቡሳቸው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው። በጌዶና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያረጁ ሹፌር ናቸው፤ የማያውቁት ጠመዝማዛ የለም፣ የማያውቁት ወሬም የለም።

«ሌላ የሰጠዎት ነገር የለም?»

«ይችኑ ነው የሰጠኝ። ‹ለአመለሸጋ› አለና እየሮጠ ተመለሰ። ቸኩሎ ነበር።»

ቸኩሎ ነበር። ይቺ ቃል ጊንጪ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ እንደቆመች ልቧ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

ለሰማ ሰው ነገሩ ተራ ነው፤ ጣሳ ሄደ፣ ጣሳ መጣ። ግን በኛ አገር ጎረቤት ቂጣ የላከበትን ሰሐን እንኳ ማን ባዶውን ይመልሳል? ቤት ውስጥ ምንም ቢጠፋ አንድ ራስ ሽንኩርት ወይ አንድ ጭብጥ ሽምብራ ጣል ይደረግበታል እንጂ። ባዶ ዕቃ «ከእንግዲህ በቃን» ማለት ነው፤ አፍ አውጥቶ ከመናገር ይብሳል። ጣሳውን የላከው ባይሳ ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። ከክረምት ጀምሮ በየሳምንቱ ጣሳውን ሲመልስ አንዴ ሎሚ፣ አንዴ ከኮሌጁ ግቢ የለቀመውን ዘይቱን፣ አንዴ ጦስኝ ይልክላት ነበር። አንድ ሳምንት ምንም ሲያጣ ከሁሉቃ ወንዝ ያነሣትን ለስላሳ ድንጋይ ላከ። አመለሸጋ ድንጋይዋን መስኮቷ ላይ አስቀምጣ ባየቻት ቁጥር ትስቅ ነበር። ድንጋይም ቢሆን ባዶ አይደለማ!

የጣሳውን ነገር ከሥሩ ካላነሣነው አይገባም። ባይሳ ቼኮዝሎቫኪያ ተምሮ መጥቶ አምቦ፣ እርሻ ኮሌጁ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ነው። ሌላው ከውጭ ሲመለስ ቴፕና ሱፍ ያመጣል፤ እሱ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ጣሳ የብቅል ሽሮፕ ይዞ መጣ። በዚያ አገር ሰው በቤቱ ቢራ ሲጠምቅ እንዲህ ነው አሉ፦ ብቅሉ ተዘፍዝፎ፣ ተጠልሎ፣ እንደ ማር እስኪወፍር ፈልቶ በጣሳ ይሸጣል። ጠማቂው ያንን በውሃ በጥብጦ ከመራራ ቅጠል ጋር ያፈላዋል፣ ሲቀዘቅዝ እርሾ ይጨምርበታል፣ አለቀ። ባይሳ በቅጠሉ ፈንታ ጌሾ፣ በጠርሙሱ ፈንታ ያገለገለ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ተጠቅሞ ጠመቀ። ወጣለትም። ግን ሁለት ጣሳ የት ያደርሳል?

ባለፈው ሐምሌ ነው እንግዲህ፣ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ተማሪዎቹን ይዞ የጭልሞ ጫካን ችግኝ ጣቢያ ሊያስጎበኝ የመጣው። አመለሸጋ እዚያ ትሠራለች። የዚያን ዕለት ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ ያዛቸውና እንግዶቹ ጊንጪ፣ እናቷ ቤት ተጠለሉ። ባይሳ ስለ ጣሳዎቹ ማለቅ ሲያዝን ሰምታ «ታዲያ እዚሁ አናፈላውም እንዴ?» አለችው። ከጭልሞ የወረደ ንጹሕ ውሃ፣ እናቷ ያደረቁት ብቅል፣ አንድ ትልቅ ድስት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለቱ እየተፈራረቁ ሲያማስሉ ዋሉ። መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ብቅሉ ነበር። ወፍሮ ማንኪያው ላይ መንጠልጠል ሲጀምር ግን ወሬያቸው ስለ ብቅል መሆኑ ቀርቶ ነበር። ስሙንም «የብቅል ማር» አሉት።

እናቷ ወይዘሮ ብርቅነሽም ልጁን ወደውት ነበር። ጠላ ቀድተው ሰጥተውት፣ ጨዋነቱን አድንቀው፣ በመጨረሻ ያቺን የማትቀረውን ጥያቄ ጠየቁት።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«የኦቦ ዲንሳ ልጅ ነኝ፤ ከጭልሞ ሥር።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ መቅጃቸውን አስቀመጡ። ኦቦ ዲንሳ የግራዝማች ዘገየ ጭሰኛ ነበሩ፤ ግራዝማች ዘገየ ደግሞ የአመለሸጋ አባት ናቸው። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ መሬቱ ለነዲንሳ ሆነ፤ ግራዝማችም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ትናንት አገር እጅ የሚነሣላቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ጊንጪ ገብተው ጠላ ሻጭ ሆኑ። ቀን ሲጎድል እንዲህ ነው። በሩን ራሳቸው ከፍተው ልጁን ሸኙትና «ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነው ጣሳው፣ እናቷ እያዩ እንዳላዩ ሲያልፉት፣ መመላለስ የጀመረው። ደብዳቤ አይጻጻፉም፤ በደብዳቤ ምን ይባላል? በየቅዳሜው እሷ የብቅል ማር ሞልታ በጋሽ ተሬፋ ትልካለች፤ እሱ ጣሳውን አንድ ነገር ጨምሮበት ይመልሳል። ሌላ ቋንቋ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ግን ጣሳው ባዶውን መጥቷል።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ከበሩ ላይ ሆነው አዩት። አንድ ጊዜ ጣሳውን፣ አንድ ጊዜ የልጃቸውን ፊት አዩ።

«አየሽ?» አሉ። «ድሮ ዲንሳ ማርና ቅቤ ይዞ ሲመጣ ቅሉን ባዶውን ነበር የምንመልስለት። ባዶ ዕቃ የሚመልስ ጌታ ለጭሰኛው ነው። ልጁ አልረሳም! ዛሬ እኛን ጭሰኛ አድርጎ ባዷችንን ሰደደን።»

«እማዬ፣ ተይ እባክሽ!»

«እኔ ምን አልኩ? ጣሳው ነው የሚናገረው።»

አመለሸጋ ጓዳ ገብታ እጇን አየች። ቀኝ እጇ ላይ፣ ከአንጓዋ በላይ፣ የተላጠ ቆዳ አለ፤ ማሩ ሲንተከተክ ፈንጥቆ የለበለባት ነው። ባለፈው ሳምንት ባይሳ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ አውቶቡሱ ጊንጪ ቆሞ ለአፍታ ተገናኝተው ነበር። እጇን ያዘ፣ ቁስሉን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ። አንድ ቃል አልተናገረም። በመስኮቱ በኩል እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። ያኔ «ደክሞት ይሆናል» ብላ ነበር። አሁን ግን አንድ ላይ ገጠመላት፤ የተላጠ እጅ አይቶ ተጸይፏል፣ ከዚያ ጣሳዋን አጥቦ መልሷል። እንዲህ ብላ አሰበችና ማሰቧ ራሱ አቃጠላት።

ለዚያ ሳምንት ያፈላችው የብቅል ማር ማሰሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። አፉን በጨርቅ ሸብባ ጥግ አስቀመጠችው። አልላከችውም። አልደፋችውምም። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልሆነላትም። ችግኝ ታጠጣለች፣ ያጠጣችውን መልሳ ታጠጣለች። ቤት ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ትገባለች። «ልጄ፣ አንቺ ቤት ውስጥ ምን ጠፋብሽ?» ይሏታል እናቷ። ምን እንደጠፋባት እያወቁ!

እንዲህ ሆና ሳምንታት አለፉ፤ በዚህ መሐል ነው የጌዶው ነገር የመጣው። ደግፌ የሚባል የከብት ነጋዴ፣ አያቱ ከግራዝማች ጋር ማዕድ የቀረቡ፣ ዘሩ የታወቀ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው አለ። እሑድ ከሰዓት ይመጣሉ ተባለ። ሠርጉም ለጥር።

«አላስገድድሽም» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ። «የኔ ልጅ አትገደድም። እሑድ እነሱ ሳይደርሱ ግን እሺ ወይ እምቢ በይኝ። ሽማግሌ አስቀምጬ አላፍርም።»

እሺ እንዳትል አንደበቷ አይታዘዝም። እምቢ እንዳትል ደግሞ ስለ ማን ብላ? ባዶ ጣሳ ስለላከ ሰው? ቅዳሜ ማለዳ ጣሳውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ መንገድ ወጣች። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ ጣሳውን እግሩ ሥር ወርውራ፣ ዐይኑን አይታ፣ ከዚያ ለእናቷ እሺ ማለት። ልቧ ግን በሽንፈት ሳይሆን በንዴት ይመታ ነበር፤ ንዴቱም ከፍቅሩ አልተለየም።

*

ኬላው ላይ አውቶቡሱ ቆመ። እህል የሚያሳልፍ እንዳይኖር የሚፈትሸው ጥበቃ ነጠላዋን አይቶ «ምንድን ነው?» አለ።

«ጣሳ።»

«ምን አለበት?»

«ምንም።»

ከፍቶ አየና ቅር አለው። ያ ሰው ማር መስሎት በየሳምንቱ ጣቱን ነክሮ የሚቀምስ ነው። «ምነው፣ የአምቦው ሰውዬ ተጣላሽ እንዴ?» አለ። ጉድ እኮ ነው፤ ኬላው ሳይቀር ያውቃል!

ጋሽ ተሬፋ በመስታወት እያዩ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን ቶሎ ዋጡት። «አመሌ፣ እኔ በሰው ነገር አልገባም» አሉ። ይሄን ሲሉ ሊገቡ ነው ማለት ነው። «ልጁ ግን ከስቷል። ባለፈው ሳምንት የጌዶዎቹ ሽማግሌዎች እናንተ ቤት እንደሚመጡ ስነግረው ጠርሙስ ይዞ ነበር፤ ከእጁ ወደቀ።»

«ለምን ነገሩት?»

«ሹፌር ነኛ! ሹፌር ሰውና ወሬ ካልጫነ ምን ይጭናል?»

ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጠርሙሱ ወደቀ ማለት ምን ማለት ነው? ተጸይፎ የተወ ሰው ጠርሙስ ከእጁ ይወድቃል? ጣሳውን እቅፍ አድርጋ አምቦ እስኪደርሱ በመስኮቱ ስታይ ምንም አላየችም።

የባይሳ ቤት ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ የጓሮ ጉድጓድ ያለበት የኪራይ ቤት ነው። የአጥሩን በር ገፋ ስታደርግ ያየችው ነገር አስደነገጣት። ግቢው የጦር ሜዳ መስሏል። ጥላሸት የለበሰ በርሜል፣ ወንፊት፣ ቱቦ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ቴርሞሜትር፣ አጥሩ ሥር የተከመረ የብቅል ዝቃጭ፣ ዝቃጩ ላይ የጎረቤት ዶሮዎች። ከዚህ ሁሉ መሐል ባይሳ እጅጌውን ሰብስቦ ሌላ በርሜል ወደ በሩ ሲያንከባልል አገኘችው። ጢሙ አድጓል። ሲያያት በርሜሉን ለቀቀው፤ ተንከባሎ ግድግዳው ጋ ቆመ።

«አመለሸጋ።»

«ጣሳህን ይዤልህ መጣሁ።»

«የኔ አይደለም። ያንቺ ነው።»

«ባዶ ዕቃ የማንም አይደለም!» አለችና ነጠላውን ፈትታ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ልትወረውረው ነበር አመጣጧ፤ እጇ አልታዘዘላትም። «ለዚህ ነዋ የቸኮልከው? አንተ እዚህ ፋብሪካ ልታቆም የኔ ማር ለምን ያስፈልግሃል! እሺ፣ አትፈልገኝ። ግን ሰው ‹በቃኝ› ብሎ በአፉ አይናገርም? አጥበህ፣ አድርቀህ፣ እንደ ሬሳ ገንዘህ ትልክልኛለህ?»

«ቆይ፣ ስሚኝ…»

«እናቴ ምን እንዳለች ታውቃለህ? ‹ባዶ ዕቃ የሚመለሰው ለጭሰኛ ነው፣ ተበቀለን› አለች። እኔ እንኳ ስሟገትልህ ከረምኩ። ተበቅለህ ከሆነ ንገረኝ፤ ሄጄ ልረፍ።»

ባይሳ ፊቱ ደም አጣ። ጠጋ ብሎ ጣሳውን ከመሬት አነሣ፤ በሁለት እጁ ነው የያዘው።

«አባቴ ቅሉን ሞልቶ ወደናንተ ግቢ ሲሄድ እኔ ከኋላው እሄድ ነበር» አለ። «ስንመለስ ቅሉን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ባዶ ስለሆነ ለልጅ ይቀላል ተብሎ። አባቴ መንገዱን ሙሉ አይናገርም ነበር። ባዶ ዕቃ እንዴት እንደሚከብድ ለኔ ነው የምትነግሪኝ፣ አመለሸጋ? ለዚህ እኮ ነው አንድም ሳምንት ባዶውን ያልመለስኩልሽ። ድንጋይ የላክሁልሽ ለምን መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን?» አለች፤ አሁን እያለቀሰች ነው። «ታዲያ ያንን ቀን ለምን?»

«እጅሽን አየሁት።»

እጇን ወደ ነጠላዋ ልትደብቅ ስትል ያዘው። ቁስሉ ድኖ ጠባሳ ሆኗል። ጠባሳው ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ፤ በዚያች አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ዝም ያለው ሰው ዛሬ ዝም አላለም።

«አንጀቴ ተቆረጠ። ለኔ ቢራ ተብሎ እጅሽ ተላጠ! ምን ልናገር? ብናገር እዚያው ሰው ፊት ላለቅስ ነበር። ‹ሁለተኛ በኔ ምክንያት እሳት ላይ አትቆምም፣ ከብቅሉ ጀምሬ ሁሉንም ራሴ እሠራለሁ› ብዬ ማልኩ። ከሱልጣን ሱቅ በርሜል ተዋስኩ፣ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ያማረ ቢራ ሠርቼ በሳምንቱ እናትሽ ደጅ ልቆም ነበር። ‹ከናንተ ቤት ምንም አልወሰድኩም፣ በእጄ ሠርቼ መጣሁ፣ ልጅዎን ስጡኝ› ልል። ጣሳውን ባዶ የላክሁት እኔ ራሴ የምከተለው መስሎኝ ነው።»

«አልተከተልክማ!»

«ተበላሸብኛ! ጠመቅሁ፣ ምላስ ይቧጥጣል። ደገምኩ፣ ባሰ። ውሃው መሆኑን ገና በሁለተኛው ዐውቄዋለሁ። የአምቦ ውሃ ለሰው ሆድ መድኃኒት ነው፤ ብቅል ሲዘፈዘፍበት ግን መራራውን ነው የሚያወጣው። ያንቺ ማር በጭልሞ ውሃ ተዘፍዝፎ ያለቀለት ስለሆነ እዚህ ስበጠብጠው ምንም አይሆንም ነበር። እያወቅሁ ቀጠልኩ። ወደ ጣሳው መመለስ መሸነፍ መሰለኝ። ከዚያ ያንቺ ጣሳ ቀረ፣ ቀጥሎ ጋሽ ተሬፋ የጌዶውን ነገረኝ። ‹መልሷ ይሄ ነው› አልኩ።»

«እንዲህም ብሎ መምህር!» አለች አመለሸጋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አንተ ባዶ ላክህ፣ እኔ ቀረሁ። እኔ ስቀር አንተ ቀረህ። ኩራታችንን ስንቆጥብ ልንሞት ነበር እኮ!»

ሳይስቅ አልቀረም። እጇን ሳይለቅ ወደ ቤት አስገባት፤ ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር አንድ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አወጣ። ቆርኪውን ሲከፍተው ተነፈሰ፤ ነጭ አረፋ አንገቱ ድረስ መጣ።

«ከመጨረሻው ጣሳሽ ግማሹን አስቀርቼው ነበር» አለ። «ልጨርሰው አልቻልኩም። በርሜሉ ተስፋ ሲያስቆርጠኝ እሱኑ እንደ ድሮው በጥብጬ፣ ጌሾ ብቻ ጨምሬ ጠመቅሁት። ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ቱቦ። ዛሬ በርሜሉን ለሱልጣን ልመልስ ነበር። ቅመሺ።»

ቀመሰች። ያ የሐምሌ ዝናብ፣ ያ ድስት፣ ያ ማንኪያ ላይ የሚንጠለጠል ማር፣ ሁሉም ጌሾው ሥር ቁጭ ብሎ አገኘችው። እሱም ከዚያው ብርጭቆ ጠጣ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እሱ ግን ገና አንድ ጉንጭ ነው የጠጣው።

«እወድሻለሁ» አለ። «በጣሳ መናገር ይብቃኝ። እወድሻለሁ።»

አመለሸጋ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ልታቅፈው ትችል ነበር፤ ልቧም ወደዚያው ነበር የሚሮጠው። ግን የነገው እሑድ ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

«ነገ ከሰዓት የጌዶ ሽማግሌዎች እናቴ ቤት ይቀመጣሉ» አለች። «እኔ እምቢ ብል እናቴ ‹ለማን ብለሽ› ትለኛለች። በዚህ ግቢ ውስጥ ያልከኝን እኔ ልነግራት አልችልም። የኔ አፍ አይበቃም።»

ወደ በሩ ሄደች። ባይሳ ጣሳውን አንሥቶ ሊሰጣት ሲል እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«እዚሁ ይቀመጥ። ባዶውን ሁለተኛ አልቀበልህም።»

ወደ አውቶቡሱ ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም፤ ነገን ግን ፈርታዋለች።

*

እሑድ ማለዳ ወይዘሮ ብርቅነሽ ቤታቸውን ጠርገው፣ ጀንዲ አንጥፈው፣ የግራዝማችን የድሮ ወንበር አውጥተው ሲወለውሉ ነበር። «መልስሽ?» ቢሏት «ትንሽ ታገሽኝ እማዬ» አለች። በር ላይ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ቆመች። ከአምቦ በኩል ያለው መንገድ ነጭ አቧራ ብቻ ነው።

ሰዎቹ የመጡት በአምቦ በኩል አልነበረም። ከጭልሞ ጫካ በሚወርደው የእግር መንገድ ሦስት ሆነው መጡ። ፊት ለፊት ነጭ ጋቢ የለበሱ ረዥም ሽማግሌ፣ ከጎናቸው የሰፈራቸው አዛውንት ኦቦ ቀነዓ፣ ከኋላ ባይሳ። ሽማግሌው ሰማያዊ ክዳን ያለውን ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አከም ጅርቱ» አሉ ኦቦ ዲንሳ ከደጃፉ ቆመው። እንደ ድሮው ጎንበስ አላሉም፤ ደረታቸውንም አልነፉም። «ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ እንደምን አደሩ።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ደነገጡ። ይሄ ሰው በዘመኑ ሁሉ «እሜቴ» ሲላቸው እንጂ በስማቸው ሲጠራቸው ሰምተው አያውቁም። ልጃቸውን አዩ፣ ባይሳን አዩ፣ ሁሉም ነገር ገባቸው። በሩን ይዘጋሉ ብላ አመለሸጋ እጇን መዝጊያው ላይ አደረገች።

«ይሄ የዘንድሮ ገብስ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ጣሳውን ዘረጉ። «ከማሳዬ ነው። ድሮ ወደ እርስዎ ደጅ ስመጣ ታዝዤ ነበር የምመጣ። ዛሬ ማንም አላዘዘኝም። ወድጄ ነው ያመጣሁት። ልጄ ልጅዎን ወዷል። ቢቀበሉኝ ደስ ይለኛል፤ ባይቀበሉኝም በሰላም እመለሳለሁ።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ጣሳውን ተቀበሉ። «ግቡ» አላሉም፤ «ሂዱ»ም አላሉም። ጣሳውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። አመለሸጋ ተከተለቻቸው።

እናትየው ጓዳ መሐል ቆመው ገብሱን ያያሉ። «ከማሳዬ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ማሳ የማን እንደነበር እሱም ያውቃል፣ እኔም ዐውቃለሁ። ገልብጬ ባዶውን ልስጠው እንደ ድሮው? ምን ይለኛል? ምንም አይለኝም። ተቀብሎ ይሄዳል።»

«እማዬ» አለች አመለሸጋ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አባቴን ማን ተሸከመው?»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ፊታቸውን አዞሩ። ግራዝማች ባረፉ ጊዜ የባላባት ቀብር ላይ መታየት ያስፈራ ነበር። ማዕድ የቀረቡት ሁሉ ቀሩ። የጌዶውም ወገን ቀረ። ቃሬዛው ከመሬት ሳይነሣ ቀኑ ሲረፍድ ከጭልሞ ሥር የወረደው ዲንሳ ነበር፤ ፊተኛውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። እናትና ልጅ ይሄን አይተዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።

«ዝም በይ» አሉ እናትየው። እንባቸው ግን ገብሱ ላይ ወረደ። «ዝም በይ ልጄ። ረስቼው መሰለሽ? ማስታወሱ ነው የሚከብደኝ። ሬሳዬን ባነሣ ሰው ፊት ቀና ብዬ መሄድ አቅቶኝ እኮ ነው የምሸሸው።»

ገብሱን ሰፌድ ላይ ቀስ አድርገው ገለበጡት፤ አንዷ ፍሬ እንኳ መሬት አልነካችም። ከዚያ ጣሳውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉና ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ያ ማርሽ የታለ?»

«የቱ?»

«ያ ጥግ ያስቀመጥሽው፣ ያ ስትዞሪው የከረምሽው! አልበላሸም?»

«አይበላሽም፣ እማዬ። የብቅል ማር ሲወፍር ይቆያል።»

የማሰሮውን ጨርቅ ፈትተው ራሳቸው ቀዱት። እስከ ዛሬ አንድ ቀን በእጃቸው ነክተውት የማያውቁት ነው። ጥቁር ቡናማው ማር ቀስ እያለ፣ እየተንጠለጠለ ጣሳውን ሞላው። አመለሸጋ ልትረዳቸው ብትጠጋ በክርናቸው ገፋ አደረጓት።

ሲወጡ ሦስቱም ሰዎች ያሉበት ቆመዋል። ባይሳ ጣሳውን አየ፤ ክዳኑ ስለተከደነ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ዐይኑ ልጅ ሆኖ ነበር፤ ያ ከአባቱ ኋላ የሚሄደው ልጅ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ዘረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን በማዕረጋቸው ጠሯቸው።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም።»

ሽማግሌው ሲቀበሉት እጃቸው ዝቅ አለ፤ ይሄን ያህል ይከብዳል ብለው አልጠበቁም። ክዳኑን ከፈት አድርገው የብቅሉን ሽታ ሳቡት። «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ደጅ አቆማችሁ?» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ እንባቸውን በቁጣ ሸፍነው። «አመለሸጋ! ተሬፋ ወደ ጌዶ ሲያልፍ ያዢውና ለነደግፌ ‹ልጄ ሰው አላት› እንዲልልኝ ንገሪው። በከንቱ አይልፉ።»

ባይሳ እንደ ልጅነቱ ዕቃውን ሊቀበላቸው እጁን ወደ አባቱ ዘረጋ። ኦቦ ዲንሳ ጣሳውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ተው ልጄ» አሉ። «ይሄንን እኔው እሸከመዋለሁ።»

ስንት ሳምንት መቀመጥ ያልሆነላት አመለሸጋ እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር።